«በቀለም አትታማም፣ ግን ቶሎ ተስፋ ትቆርጣለች»፦ የልጅነት ጠባይና ትምህርትን እስከ ዳር መግፋት

አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። በቀለም አትታማም፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሲከብዳት ደብተሯን ዘግታ ታለቅሳለች። አስተማሪ ለመጠየቅም ታፍራለች። ታላቅ ወንድሟ ከክፍሉ አንደኛ እየወጣ አድጎ 9ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋረጠ፤ አሁን 17 ዓመቱ ነው። በልጅነት የሚታይ በራስ መተማመንና ጽናት ልጅን እስከ መጨረሻው ትምህርት ላይ ያቆየዋል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ከሆነስ በተፈጥሮ የሚሰጥ ነው ወይስ ይማሩታል? የወንድሟ ዕጣ እንዳይደርሳት እፈራለሁ።»

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስጋትዎም ገብቶኛል። ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልስጥዎት። አዎ፣ በልጅነት የሚታዩ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ኑሮ ክህሎቶች ልጁ በጉርምስና ዘመኑ ትምህርት ላይ ከመቆየቱ ጋር ይያያዛሉ። ግንኙነቱ ግን በየወሬው የሚባለውን ያህል ብርቱ አይደለም፤ የዕጣ ፈንታ ጉዳይም አይደለም። በትምህርት ሥነ ልቦና ሙያዬ ከሚያቋርጡና ከሚመለሱ ልጆች ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ካየሁት ተነስቼ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ልጅን ከሁሉ በላይ የሚያቆየው መመለስ መቻሉ ነው። ፈተና ወድቆ፣ ታሞ ቀርቶ፣ ሰው ፊት አፍሮ፣ በማግስቱ ተመልሶ ክፍል መግባት። ይህ ደግሞ ይማራል።

በየቤታችን «ጠባይ» ብለን በአንድ ቃል የምንጠቀልለው ነገር ውስጥ ብዙ ክህሎቶች አሉ፤ ስለ ልጅዎ ለመነጋገር እነሱን መለየት ይኖርብናል። አንዱ ለራስ የሚሰጥ ግምት ነው፤ «ዋጋ ያለኝ፣ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ስሜት። ሌላው አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ያብራራውና እኔ «እችላለሁ ባይነት» የምለው ነው፤ «ይህችን ሥራ ብይዛት እወጣታለሁ» የሚል እምነት። ራስን መግዛትም አለ፦ ስሜት ሲገነፍል መታገሥ፣ ጨዋታ እያማረ የቤት ሥራ መጨረስ። ምኞትም አለ፦ ልጁ ራሱን እስከ የት ሲማር ያየዋል? በመጨረሻም ከሰው ጋር መግባባት፣ መጠየቅና እርዳታ መቀበል። ከጻፉት እንደምረዳው ልጅዎ በመጀመሪያው ችግር ያለባት አትመስልም፤ ተወዳ የምታድግ ልጅ ናት። የሚያንሳት እችላለሁ ባይነትና የመጠየቅ ድፍረት ነው። ይህን ልዩነት ይያዙልኝ፤ ምን ማድረግ እንዳለብዎ የሚወስነው እሱ ነው።

አሁን ወደ ወንድሟ። አንደኛ የሚወጣ ልጅ እንዴት ያቋርጣል ብለው ግራ ተጋብተዋል። ውጤትና መቆየት የየራሳቸው መንገድ ስላላቸው ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 የተካሄደው የፔሪ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ሙከራ ይህን በደንብ አሳይቷል። ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሽ ያህሉ መዋዕለ ሕፃናት ገቡ፣ መምህሮቻቸውም እቤት ድረስ እየሄዱ እናቶችን አነጋገሩ። ቀሪዎቹ ይህን አላገኙም። የተማሩት በመጀመሪያ በአእምሮ ብስለት ፈተና ብልጫ አሳዩ፤ ብልጫው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፋ። በዚያ ቢቆም ኖሮ ሙከራው ፍሬ ቢስ ይባል ነበር። ልጆቹ 40 ዓመት ሲሞላቸው ሲታይ ግን ከተማሩት 77 በመቶ፣ ካልተማሩት ደግሞ 60 በመቶ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ነበር። የኖቤል ተሸላሚው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጄምስ ሄክማንና ባልደረቦቹ መረጃውን እንደገና ሲመረምሩት፣ በልጆቹ የኋላ ሕይወት ለታየው መሻሻል ጉልህ ድርሻ ያበረከተው የጠባይ ክህሎት መሆኑን አገኙ።

ሌላም አለ። ኪራቦ ጃክሰን የተባለው የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት የ9ኛ ክፍል መምህራንን ሥራ መረመረ። የተማሪን የፈተና ውጤት ከፍ የሚያደርጉ መምህራን አሉ። የተማሪን መቅረት የሚቀንሱ፣ በቅጣት ከትምህርት መታገድን የሚያስቀሩ፣ ልጁ ሳይደግም እንዲያልፍ የሚያደርጉም አሉ። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ሆነው አይገኙም። ተማሪው ሁለተኛ ደረጃን ይጨርስ እንደሆነ ይበልጥ የሚጠቁመው ደግሞ የሁለተኛዎቹ ሥራ ነው። ልጅዎ 9ኛ ክፍል ሲገባ አንደኛነቱን ያዩ መምህራን ብዙ ነበሩ ይሆናል፤ መቅረት ሲጀምር ያየ መምህር ግን ነበረው?

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳይዎት። ያነጋገርኳት አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ታማ አራት ቀን ቀረች። በአምስተኛው ቀን ድና ቦርሳዋን አንግባ ሄደች፤ ግን ጥቂት ዘግይታለች። የክፍሉ በር ተዘግቷል፣ ሒሳብ ተጀምሯል። የመምህሩ ድምፅ ይሰማታል፤ የሚናገረው ግን አልገባትም፣ አዲስ ምዕራፍ ተጀምሯል። ብታንኳኳ 50 ፊት ዞሮ ያያታል፤ «የት ነበርሽ?» ትባላለች፤ የቤት ሥራሽን አምጪ ትባላለች። እጇን አነሳች፤ መልሳ አወረደችው። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ሽንት ቤት ተቀምጣ ቆየች። በማግስቱ ያመለጣት ትምህርት በአንድ ቀን ጨመረ፤ የምታቀርበው ምክንያትም ትናንት የት እንደዋለች የሚሸፍን ውሸት ፈለገ። በሦስተኛው ቀን ከመንገድ ተመለሰች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤተሰቦቿ ሲደርሱበት «ትምህርት ጠልቻለሁ» አለቻቸው፣ እነሱም አመኗት። እኔ ግን ሳነጋግራት ስለ ሒሳብ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ደጋግማ ያነሳችው ያንን በር ነው።

እስቲ እዚያ በር ላይ ምን ያስፈልጋት እንደነበር ያስቡ። «ያመለጠኝን እደርስበታለሁ» የሚል እምነት። ለአንድ ደቂቃ የሚቆይን ሀፍረት መሸከም። «ታምሜ ነበር፤ ደብተር ማን ያውሰኝ?» ብሎ መጠየቅ። ያን ደቂቃ ለመታገሥ ምክንያት የሚሆን ሩቅ ምኞት። ተመራማሪዎች በመጠይቅ የሚለኳቸው ክህሎቶች፣ ሲጠቃለሉ በትላልቅ ስም የሚጠሩት፣ በሕይወት ውስጥ የሚታዩት እንዲህ በአንድ ማንኳኳት ነው።

ለምን በጉርምስና ይብሳል ቢሉኝ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ስለሚለወጥ ነው። በ9 ዓመት አንድ መምህር ልጅዎን ከጠዋት እስከ ማታ ያውቃታል፤ ቀረች አልቀረችም ያያል። ኋላ ላይ መምህራኑ ይበዛሉ፣ የሚያውቃት ያንሳል። የጓደኛ ዓይን ከእናት ቃል ይከብዳል። ገንዘብ ማግኘት፣ ቤት ማገዝ፣ ለአንዳንዷም ትዳር፣ ከትምህርት ጋር ይፎካከራል። በልጅነት እናት እየሸፈነች ያለፈችው ትንሽ ክፍተት እዚህ ይሰፋል። በኒውዚላንድ ደኒደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን ከሕፃንነት ጀምሮ የተከታተለው ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ራሳቸውን መግዛት ያቃታቸው ልጆች ያለ ምንም ምስክር ወረቀት ትምህርት የማቋረጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ተስፋ የሚሰጠኝ ግን ሌላው ግኝቱ ነው፤ እያደጉ ሲሄዱ ራስን መግዛታቸው የተሻሻለ ልጆች በልጅነታቸው ከተጠበቀው የተሻለ ሕይወት ገጥሟቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኩዎት እንደበደልኩዎት እቆጥረዋለሁ። «ጽናት ያለው ይቆያል» የሚለው ንግግር በቀላሉ «ያቋረጠ ጽናት የለውም» ወደሚል ፍርድ ይዞራል። ማስረጃው ይህን አይደግፍም። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል። ከዚህ መረጃ የተገኘ አንድ ውጤት እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል፦ በ7 እና በ8 ዓመታቸው ለዕድሜያቸው አጭር የነበሩ ልጆች፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ በቂ ምግብ ያላገኙ፣ በ11 እና በ12 ዓመታቸው እችላለሁ ባይነታቸው፣ ለራሳቸው ያላቸው ግምትና የትምህርት ምኞታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በልጁ ልብ ውስጥ ያለ የሚመስለው ነገር ከፊሉ ከቤቱ ጓዳ የመጣ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ዝነኛ የከረሜላ ሙከራም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ከረሜላ ሳይበላ የታገሠ ልጅ ኋላ ሁለት ያገኛል፣ ታጋሾቹም ሲያድጉ በትምህርት የተሻሉ ሆኑ ተብሎ ዓለም ሁሉ ተቀባበለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ900 በላይ ልጆች ይዞ የተደገመው ጥናት ግንኙነቱን በግማሽ ያህል አንሶ አገኘው፤ የቤተሰብና የአስተዳደግ ሁኔታ ሲታሰብበት ደግሞ ከዚያው ላይ ሁለት ሦስተኛው ጠፋ። የቀረው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ስላቋረጠ ራስዎን አይክሰሱ፤ እሱንም «ወኔ የለህም» አይበሉት። ትምህርት ቤት ራሱ እነዚህን ክህሎቶች ይሠራል፣ ያፈርሳልም። በየቀኑ የሚዋረድ ልጅ እችላለሁ ባይነቱ ቢወርድ ምን ይደንቃል?

ይማራል ወይ ላሉት፣ አዎ ብያለሁ፤ የምለውም ከማስረጃ ተነስቼ ነው። በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከድሃ ሰፈር የመጡና በመዋዕለ ሕፃናት ረባሽ የተባሉ ወንዶች ልጆች ተመርጠው፣ ከ7 እስከ 9 ዓመታቸው ድረስ ራስን መግዛትና መግባባት ተማሩ፤ ወላጆቻቸውም ጎን ለጎን ሠለጠኑ። ካልሠለጠኑት አቻዎቻቸው ይልቅ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት ከእነሱ በዙ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ማጠቃለያ 213 የትምህርት ቤት ፕሮግራሞችን፣ 270,034 ተማሪዎችን ያካተተ ነው፤ እነዚህን ክህሎቶች የተማሩ ልጆች በቀለም ውጤታቸውም ተሻሽለዋል። ከ100 ተማሪ 50ውን ይበልጥ የነበረ ልጅ 61ዱን ወደ መብለጥ ይደርሳል እንደማለት ነው። ተአምር አይደለም፤ ለአንድ ቤት ግን ብዙ ነው።

ከቤትዎ ውስጥ እንጀምር፤ ደብተሯን ከምትዘጋበት ደቂቃ። አብዛኞቻችን ያን ጊዜ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ፣ ይህ አያቅትሽም» እንላለን፤ ወይ እርሳሱን ተቀብለን እንሠራላታለን። መጀመሪያው ደግነት ይመስላል፤ ለልጅቱ ግን «ካቃተሽ ጎበዝ አይደለሽም» የሚል መልእክት አለበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሙከራ «ብልህ ነህ» ተብለው የተመሰገኑ ልጆች፣ ስለ ጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ፣ ከባድ ጥያቄ ወድቀው ሲነሱ ቶሎ ሰለቹ። ታላቅ ወንድሟ በሕፃንነቱ ሁሉ «አንደኛ» ሲባል ያደገ ልጅ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደተሰማው ማሰብ ይከብደኛል።

እኔ የማደርገውን ልንገርዎ። አንዲት በልጅዎ ዕድሜ ያለች ተማሪ ከ403 ላይ 178 ቀንሺ ተባለች። 375 ብላ ጻፈች፤ ስህተት ተባለ። ላጲስ አነሳች፣ አጠፋች፣ እንደገና 375 ጻፈች፣ እንደገና አጠፋች፤ ወረቀቱ ተቀደደና አለቀሰች። ለቅሶዋን አልከለከልኩም፤ ትንፋሿ እስኪረጋ ዝም ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ላጲሱን ወደ ጎን አድርጌ በአዲስ ገጽ ያንኑ ጻፍኩና «የቱ ጋ ነው የጠፋብሽ?» አልኳት። አላወቀችም። «እንግዲያው እርግጠኛ የሆንሽበትን አሳዪኝ» አልኳት። ጣቷ ዳር ላይ ካሉት 3 እና 8 ላይ አረፈ፤ «ከ8 ላይ 3፣ 5» አለች። ትንሹ ከላይ ነበር፤ እሷ ገለበጠችው። መበደር ታውቃለች፤ መካከል ላይ ዜሮ ስላለ የምትበደርበት አጣች። ለ403 መልሱን አልነገርኳትም፤ ወደ ኋላ ሄደን 43 ሲቀነስ 18 ሠራን። ያንን ወጣችው። ከዚያ ወደ ዜሮዋ ተመለስን፤ ከ4ቱ ተበድራ ዜሮውን 10 አደረገችው፣ ከ10 ደግሞ ለ3ቱ አበደረች። 225። የተሳሳተውን መስመር እንዳታጠፋው ነገርኳት፤ አንድ ጭረት አድርጋበት ከሥሩ ትክክለኛውን ጻፈች። በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሯን ስገልጥ ጭረቱን አሳየችኝ። «እዚህ ጋ ጠፍቶብኝ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሀፍረት አልነበረም።

ባንዱራ እችላለሁ ባይነት ከአራት ምንጭ ይቀዳል ይላል፤ ራስ ሠርቶ ከመወጣት፣ እንደራስ ያለ ሰው ሲወጣው ከማየት፣ ከሰው ማበረታቻና ከሰውነት ስሜት። ብርቱው የመጀመሪያው ነው። ለዚህ ነው «አንቺ ጀግና ነሽ» የሚሉ መፈክሮችን በልጅ ክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍን የማልመክረው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ጥናቶቹን ሰብስበው ሲያዩ ለራስ የሚሰጥን ግምት ከፍ ማድረግ ብቻውን የትምህርት ውጤትን እንደማያሻሽል አግኝተዋል። ልጅዎ ደግሞ ፍቅር አላጣችም፤ የጎደላት የራሷ ማስረጃ ነው።

መጠየቅን በተመለከተ፣ «አትፈሪ፣ ጠይቂ» ማለት አይበቃም። ቃሉን ያስጠኗት። «መምህር፣ እስከዚህች መስመር ገብቶኛል፤ ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ» የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር እቤት አብራችሁ ተለማመዱ፤ አንድ ጊዜ እርስዎ መምህር ይሁኑ፣ አንድ ጊዜ እሷ። በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ የ8ኛ ክፍል ሴት ልጆች ለሁለት ሳምንት ያህል መደራደርን፣ ማለትም ፍላጎታቸውን ሳይጣሉ ለወላጅና ለሌሎች ማስረዳትን ተማሩ። በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ካልተማሩት ይልቅ ትምህርት ላይ ቆይተው ተገኙ። የተሰጣቸው ገንዘብ አልነበረም፤ መናገሪያ መንገድ እንጂ።

ታማ ስትቀር ደግሞ ከመመለሷ በፊት በነበረው ምሽት የክፍል ጓደኛዋን ደብተር ያስገልብጧት፣ ጠዋት አብራት የምትገባ ልጅ ያዘጋጁላት፣ ለመምህሯም አንድ ቃል ይላኩ። በሩን ብቻዋን እንዳታንኳኳ።

ግን ይጠንቀቁ። ሁሉም ለቅሶ የጽናት ማነስ አይደለም። ዓይኗ ሰሌዳው በደንብ ይታየዋል? ጆሮዋስ? ፊደል ይደበላለቅባታል? ወደ ትምህርት ቤት መሄድን የምትፈራው የሚመታት፣ የሚያሾፍባት ወይም የሚተነኩሳት ሰው ስላለ ከሆነ፣ እባክዎ ትዕግሥትን አያስተምሯት። አደጋውን ያስወግዱላት። ልጅን ወደማይገባ ቦታ በጽናት እንድትመለስ ማሠልጠን በደል ነው።

ወደ ላይኛው ክፍል ስትሻገር ከማርኳ በፊት የቀረችባቸውን ቀናት ይቁጠሩ። የቺካጎ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት፣ 9ኛ ክፍልን በዋና ዋና ትምህርቶች ከአንድ የግማሽ ዓመት ውድቀት በላይ ሳይገጥማቸው ያለፉ ተማሪዎች በወቅቱ የመመረቅ ዕድላቸው ከሌሎቹ ሦስት ተኩል እጥፍ ነበር። በዚያ ክፍል መውደቅን ደግሞ ከቀድሞ የፈተና ውጤት ይልቅ መቅረት አስቀድሞ ይናገራል። በወር ሁለትና ሦስት ቀን መፎረፍ ሲጀመር የመነጋገሪያው ጊዜ ያኔ ነው፤ ካርድ እስኪመጣ አይጠብቁ።

ስለ 17 ዓመቱ ልጅዎ ልጨርስ። «ለምን አቋረጥክ?» ብለው ሳይጠይቁት አልቀሩም፤ የሚመልሰውም «ሰለቸኝ» ነው። ይልቅ አንድ ቀን ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ሳይቸኩሉ፣ «መሄድ ያስጠላህ የመጀመሪያው ቀን የቱ ነበር? ምን ክፍለ ጊዜ ነበር?» ብለው ይጠይቁት። ቀን አለው፤ ክፍል አለው፤ ብዙ ጊዜ የሰው ፊት አለው። ያንን ሲነግርዎ ሳያቋርጡ ያዳምጡት፤ መፍትሔ አይደርድሩለት። የማታ ትምህርትም ይሁን ሌላ ትምህርት ቤት፣ ሲመለስ ያንን የመጀመሪያ ቀን የሚያስታውሰው ነገር በአዲሱ ቦታ እንዳይጠብቀው አብራችሁ ፈትሹ፤ ከመምህራኑም አንዱ ታሪኩን እንዲያውቅ አድርጉ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስለ ውጤት አይጠይቁት። ማታ ሲገባ ዛሬ ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ብቻ ይጠይቁት።